ግራ እግር ይቀድማል

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሃምሳ አለቃው ሜዳው መሃል ቆሙና «ግራ እግር ይቀድማል» አሉን። ከዚያ በፊት የተናገሩት ነገር አልነበረም። ስማችንን አልጠየቁም፤ የራሳቸውንም አልነገሩን። አርባ ስምንት ወጣቶች ነበርን። ግማሾቻችን ስኒከር አድርገናል፣ ግማሾቻችን በነጠላ ጫማ መጥተናል። የሚዛን ዝናብ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ሣሩ ውሃ ስላዘለ፣ ገና አንድ እርምጃ ሳንራመድ እግራችን ርሷል።

«ወደፊት ሂድ ስል ግራ እግር ይቀድማል። አንድ ሰው ቀኙን ካስቀደመ ሰልፉን በሙሉ አበላሸው ማለት ነው። ገባችሁ?»

«ገብቶናል!»

«ወደፊት...» ብለው ድምፃቸውን አንጠለጠሉት። «ሂድ!»

እኔ ቀኜን አስቀደምኩ።

ግራና ቀኜን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። «ሂድ» ያሉትን አልሰማሁትም። አጠገቤ የቆመችው ልጅ ስትንቀሳቀስ አየሁና ደንግጬ የቀናኝን እግር አነሳሁ። ሃምሳ አለቃው ቀጭን ዘንጋቸውን ጭቃው ላይ እየተከሉ መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከቴፒ።»

«ቴፒ ግራ እግር የለም?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቴፒ ሆኖ ቀረ። ሃምሳ አለቃው ሁላችንንም በመጣንበት አገር ነበር የሚጠሩን። አንዱ ሸኮ ነው፣ አንዱ ቦንጋ፣ አንዷ ሸዋ ቤንች። ከአንድ አገር ሁለት ሰው ከመጣ «ረጅሙ» እና «አጭሩ» ይጨምሩበታል።

ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ወባ ክፉኛ ጥሎኝ ስንት ቀን እንደተኛሁ አላውቅም፤ ስነቃ ግራ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነገር ነበር። ከወር በኋላ ማጓራቱ ጠፋ፤ ሲጠፋ ግን ሌላውንም ድምፅ ሁሉ ይዞት ሄደ። በሽታው ይሁን መድኃኒቱ፣ የነገረን ሰው የለም። እናቴ ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። «ሰው ጉድለትሽን ካወቀ በእሱ ነው የሚጠራሽ» አለችኝ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የወንበሩን ግራ ጫፍ እየያዝኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ግራ ጠርዝ እየቆምኩ፣ ሰውን ሁሉ በቀኝ በኩል እያደረግኩ አደግኩ። በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ማንም ሳያውቅብኝ ኖሬያለሁ። ሰልፍ ውስጥ ግን ቦታ አይመረጥም። ሃምሳ አለቃው ረጃጅሞቹን ወደ ቀኝ፣ አጫጭሮቹን ወደ ግራ አድርገው ደረደሩን። እኔ ረጅም ነኝ። የሁለተኛው ረድፍ ቀኝ ጫፍ ደረሰኝ። ሰልፉ በሙሉ፣ ትእዛዙ በሙሉ በማይሰማው ጆሮዬ በኩል ሆነ።

ለምን ያኔውኑ ትቼ አልሄድኩም? የምሄድበት ስላልነበረኝ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ሁለተኛው ውጤት የመጣ ዕለት አባቴ ከቡና እርሻው የቀን ሥራ ተመልሶ፣ ስልኬን ተቀብሎ ቁጥሩን አየና መልሶ ሰጠኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሚዛን አጎቴ ቤት መጣሁ፤ ሥራ ፍለጋ ተባለ እንጂ እውነቱን ለመናገር የአጎቴን ልጆች ነበር የምጠብቀው። አንድ ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ስመልስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ። ለከተማው ማርሽ ባንድ ወጣቶች ይፈለጋሉ፤ ሁለት ወር ሥልጠና ይሰጣል፤ በከተማው በሚደረገው የስፖርት ውድድር መክፈቻ ቀን ሰልፍ የወጣ በቋሚነት ይቀጠራል። የሙዚቃ መሣሪያ መቻል ግዴታ አልነበረም። በተመዘገብኩበት ቀን እናቴ ጋ ደወልኩና «ተቀጠርኩ» አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ድካም ለአንድ ቀን እንኳ ልቀይረው ፈልጌ ይሆናል። እሷ ግን እሑድ ጉባኤው ፊት ቆማ መሰከረች። «ልጄን እግዚአብሔር አሰባት» አለች። ምእመኑ እልል ብሎ፣ ጸልዮ፣ አንዳንዱም ቤት ድረስ መጥቶ እንኳን ደስ አላችሁ ብሏል። ይህን ሁሉ በስልክ ስትነግረኝ ስልኩን ከቀኝ ጆሮዬ ወደ ግራው አዛወርኩት፤ እንዳልሰማት።

ማርሽ ባንድ ሲባል እኛ ጥሩምባና ከበሮ መስሎን ነበር። ሃምሳ አለቃው ግን አራት ሳምንት ሙሉ መሣሪያ አላሳዩንም። «መራመድ የማይችል ሰው መሣሪያ አይነካም» ይሉ ነበር። በወታደር ባንድ ውስጥ ጥሩምባ እየነፉ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ከንፈራቸው መሃል ላይ የጥሩምባው አፍ የተወው ጠባሳ አለ። ሜዳው ላይ ሁለት ገመድ ዘረጉ። በየአምስት ሜትሩ ቀይ ጨርቅ አሰሩበት። ከጨርቅ ጨርቅ ስምንት እርምጃ ነው፤ ሰባት ተኩል አይሆንም፣ ዘጠኝም አይሆንም። ረጅሙም አጭሩም እኩል ስምንት። መጀመሪያ ተረከዝ ይነካል፣ ከዚያ እግር እንደሚገለበጥ ገጽ ቀስ ብሎ ይተኛል፤ ጣቶች መጨረሻ ላይ። ከወገብ በላይ ያለው ሰውነት አይነቃነቅም፤ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ቢናጥ ጥርሱን ይሰብራል። ከጎን ያለውን ለማየት አንገት አይዞርም፤ በዓይን ጠርዝ ነው የሚታየው። ሲቆም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቆማል። «ሰላሳ ስድስት ሰው አንድ ጫማ ነው ያለው» ይሉናል።

ባንዱ የሚፈልገው ስድስት ረድፍ በስድስት፣ ሰላሳ ስድስት ሰው ነው። እኛ አርባ ስምንት ነን። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ሃምሳ አለቃው ዝርዝሩን ያነባሉ፤ ያልተጠራ ሰኞ አይመጣም። በመጀመሪያው ዓርብ አራት ሰው ተቀነሰ። ዝርዝሩ ሲነበብ ቀኝ ጆሮዬን ወደፊት አዘንብዬ የልቤ ምት ድምፃቸውን እየሸፈነብኝ ቆሜያለሁ። «ቴፒ ረጅሟ» ሲሉ አንገቴን አቃናሁ።

አጎቴ ቤት ስገባ ግቢው ውስጥ እለማመዳለሁ። ውሃ ስቀዳ በስምንት እርምጃ፣ ልጆቹን ሳደርስ በስምንት እርምጃ። የአጎቴ ሚስት ከበር ላይ ሆና ታየኝና «እግር ማንሳትና መጣል ነው እንዴ ሥራው? ይሄንንማ ዶሮዋም ትችለዋለች» ትላለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሰባት ሰው መሆናችን ነው ያናገራት። እግሬን ብችለውም ጆሮዬን አልችለውም ነበር። ስልጠናው ላይ የፊቴን ሰው ትከሻ አይቼ ነው የምዞረው። ሁልጊዜ በግማሽ እርምጃ ዘግይቼ። ሃምሳ አለቃው አንድ ነገር እንደጎደለ ይታያቸዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዙትም። «ቴፒ፣ የት ነው ያለሽው? አስከሬንሽ ነው ወይ እዚህ ያለው?» ብለው ይጮሁብኛል።

ከፊቴ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ቀኝ ጫፍ ላይ የምትቆመው ሸዋ ቤንች ነበረች። ቁመታችን እኩል ነው። አፍ የፈታችው በቤንችኛ ነው፤ አማርኛ ትምህርት ቤት ነው የለመደችው፤ ስትናደድ ሁሉም ነገር ተደባልቆባት እኔን «አንተ» ትለኛለች። ሰውነቷ ውስጥ ምት አለ። ቆማ ባጃጅ ስትጠብቅ እንኳ ጣቶቿ ጭኗ ላይ ከበሮ ይመታሉ። ጥፋቷ ፍጥነት ብቻ ነው፤ ትእዛዙ ሳያልቅ ትዞራለች። «ሸዋ ቤንች፣ አፌ ውስጥ ገብተሽ አታውጪው!» ይሏታል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ዝናብ ሲበረታብን ሜዳው ዳር ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ስር ተጠለልን። ሸዋ ቤንች በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችውን የተቀቀለ ጎደሬ ፈታች። እኔ ዝናቡን እያየሁ ነበር። ለካ በግራዬ ሆና ስታናግረኝ ቆይታለች። ዞራ በቀኜ መጣችና ግራ ጆሮዬን በጣቷ ነካ አድርጋ «እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ።

ልክድ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን አልቻልኩም። «ለማንም አትንገሪ» አልኳት። «ከነገርሽ ያባርሩኛል።» ጎደሬውን ለሁለት ከፍላ ትልቁን ሰጠችኝ። በማግስቱ ሰልፍ ስንይዝ ያለ ምንም ወሬ «እጄን እዪ» አለችኝ። ሃምሳ አለቃው «ቀኝ...» ብለው ሲያንጠለጥሉ ቀኝ እጇን ጨበጥ ታደርጋለች። «ግራ...» ሲሉ ግራዋን። «ኋላ...» ሲሉ ሁለቱንም። እኔ ከኋላዋ ሆኜ እጆቿን አያለሁ። «ዙር» በሚለው ጊዜ ከሁሉም ጋር እኩል እዞራለሁ። ያን ዓርብ ሃምሳ አለቃው ስሜን ከጠሩ በኋላ «ቴፒ ግራ እግር አበቀለች» ብለው ጨመሩበት። የዚያን ዕለት ማታ እናቴን ደውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ አወራኋት።

አምስተኛው ሳምንት ሲገባ ሰላሳ ሰባት ቀርተናል። አንድ ሰው ብቻ ትርፍ ነው። መሣሪያዎቹ በሳጥን መጥተው፣ ትንሹ ከበሮ ለሸዋ ቤንች እንደሚሰጥ ሁላችንም አውቀናል፤ ሃምሳ አለቃው ዱላዎቹን አንድ ጊዜ ሰጥተዋት፣ ሰምተዋት፣ ራሳቸውን ነቅንቀዋል። ያ ነው የሳቸው ምስጋና።

ማክሰኞ ነበር። እየዘነበ ሠራን፤ መክፈቻው ቀን ዝናብ አይቀርምና ልመዱት ተባልን። ሸዋ ቤንች የወንድሟን ትልቅ ጃኬት ለብሳ መጥታለች። እጅጌው ከጣቶቿ ያልፋል። ይህን ከመጀመሪያው አይቼዋለሁ፤ እጆቿ እንደማይታዩኝ አይቻለሁ። «ሰብስቢው» ልላት አፌን ስከፍት ሃምሳ አለቃው «ተጠንቀቅ» አሉ፤ ዝም አልኩ። ወደፊት ሄድን። ፍጥነቱ ጨመረ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ያጓራል፣ ውሃ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። የጃኬቱን ጀርባ እያየሁ በስምንት እርምጃ እሄዳለሁ። «ኋላ ዙር» ተብሏል። ሁሉም ዞረ። እኔ አልዞርኩም።

ሸዋ ቤንች ዞራ በሙሉ ኃይሏ ስትመጣ እኔ በሙሉ ኃይሌ እየሄድኩ ነበር። ግንባሬ አገጯን መታው። እሷ ወደ ጎን ወደቀች፤ የሜዳው ዳር የተሠራ የሲሚንቶ ጠርዝ አለ፤ እዚያ ላይ በቀኝ እጇ አረፈች። የተሰማውን ድምፅ በአንድ ጆሮም ቢሆን ሰምቼዋለሁ።

ማንም አላየንም። ከኋላዬ የነበሩት ዞረው ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ የሸዋ ቤንች ረድፍም በዝናቡ ውስጥ ፊት ፊቱን ብቻ ነበር የሚያየው። ሃምሳ አለቃው ከሜዳው ማዶ ሮጠው ሲደርሱ ሁለታችንም መሬት ላይ ነን።

«ሸዋ ቤንች!» አሉ። «አሁንም ትእዛዙን ሳልጨርስልሽ ዞርሽ? ይኸው! ይኸው ፍጥነትሽ!»

እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እንድናገር ጊዜ ሰጠችኝ፤ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ ጠበቀችኝ። እኔ ተነስቼ ጉልበቴ ላይ ያለውን ጭቃ ጠረግኩ።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷት። ሃምሳ አለቃው «ቦታችሁን ያዙ» አሉን፤ ስልጠናው ቀጠለ። የፊቴ ቦታ ባዶ ሆነ። ያን ቀን የቀረውን ሰዓት እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም፤ አንድ ጊዜ ግን ያለማቋረጥ ስድስት ዙር ስሄድ ምንም አልተሳሳትኩም። ለዚህ ነገር ራሴን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም።

ሦስት ቀን ልጠይቃት አልሄድኩም። በየቀኑ እሄዳለሁ እልና ከሜዳ ስወጣ እግሬ ወደ አጎቴ ቤት ይመራኛል። እህል አልወርድ አለኝ። የአጎቴ ሚስት እንኳ «ምነው ልጄ፣ አሞሻል?» አለችኝ። ዓርብ ዝርዝሩ ሲነበብ ሸዋ ቤንች አልተጠራችም። ሰላሳ ስድስት ስም ተጠርቶ ወረቀቱ ታጠፈ። የኔ ስም መሃል ላይ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደምትከራይበት ቤት ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀኝ እጇ ከጣቷ እስከ ክርኗ በጄሶ ታሽጓል። ራጅ ተነስታ አጥንቷ ተሰብሮ ተገኝቷል፤ ስድስት ሳምንት ተብላለች። መክፈቻው ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

«ወጣሁ አይደል?» አለች።

«አዎ።»

የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች። «ሃምሳ አለቃ እዚህ መጥተው ነበር። አዝነዋል። ‹ብትሰሚ ኖሮ እዚህ አትደርሺም ነበር› አሉኝ። እኔን! አትሰማም አሉኝ!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «እኔ እኮ እሰማለሁ! የምሰማ እኔ ነኝ! ላንተም የሰማሁልህ እኔ ነኝ!»

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

«ማክሰኞ ነበር መናገር።»

«አውቃለሁ።»

«ሂድ» አለችኝ። ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ሜዳ ደረስኩ። ሃምሳ አለቃው ገመዳቸውን ሲዘረጉ ነበር። አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ማክሰኞ ያልዞርኩት እኔ ነኝ። እሷ በትክክል ነው የዞረችው።»

ገመዱን መሳብ አቆሙ። ጆሮዬን ነገርኳቸው። የእጇንም ምልክት ነገርኳቸው፤ የጃኬቱን እጅጌም፣ ዝም ማለቴንም። ፊታቸውን ማየት ስላልቻልኩ ለቀዩ ጨርቅ ነበር የምነግረው። ስጨርስ ትተውኝ የሄዱ መሰለኝ። ዞሬ ሳይ ከግራ ኋላዬ ቆመዋል።

«ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ» አሉ።

«አልሰማሁም።»

«አምስት ሳምንት!» ዘንጋቸውን መሬት ላይ ጣሉት። «አምስት ሳምንት ሰውን እንደ በግ ስትከተዪ! አንድ ቃል ብትነግሪኝ ቦታሽን እቀይርልሽ ነበር። አንድ ቃል! ያቺን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄጄ ሰደብኳት። ሂጂ። ዓይኔ አይይሽ።»

ወደ ሜዳው በር ሄድኩ። የምሄድበትን አላውቅም ነበር፤ ወደ ቴፒ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጥቼ እናቴ ፊት ስቆም ራሴን አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አቃተኝ። ከበሩ ውጭ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ አንድ በአንድ በፊቴ እያለፉ ገቡ። «ምነው ቴፒ?» ይሉኛል። መሞት የፈለግኩ አይመስለኝም፤ ግን የዚያን ጠዋት ከዚያ ድንጋይ ላይ መነሳት የሚባል ነገር አልታየኝም።

ስንት ሰዓት እንደቆየሁ እንጃ። በጄሶ የታሰረ እጅ ፊቴ መጣ። ሸዋ ቤንች ነበረች፤ ወደ አገሯ ከመሄዷ በፊት የስልጠና ልብሱን ልትመልስ መጥታለች። ሁኔታዬን አይታ ገባት። ወደ ሜዳው ገባች። እኔም ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

ሃምሳ አለቃው ሲያዩዋት ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት። ሁሉም ሰማ።

«እሺ» አለች። «እሷን አባረሯት?»

«አባረርኳት።»

«እሷ ብትባረር የኔ እጅ ይድናል?»

ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ።

«ስንት ሰው ነው ያለዎት?» አለቻቸው።

«ሰላሳ አምስት።»

«ሰላሳ አምስት ስድስት በስድስት ይሆናል?»

ሃምሳ አለቃው ወደ ረድፎቹ ዞረው አዩ። ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ክፍት ቦታ አለ። አዲስ ሰው ከባዶ ለማስተማር ሦስት ሳምንት እንደማይበቃ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ልብሱን አስረክባ ስትወጣ በሩ ላይ አጠገቤ አለፈች። «ለአንቺ ብዬ አይደለም» አለችኝ። ይህን ስትል አማርኛዋ ትክክል ነበር። ተናዳ አልነበረም ማለት ነው፤ ያ ይበልጥ አሳመመኝ።

በምሕረት ሳይሆን በቁጥር ተመለስኩ። ሃምሳ አለቃው ወደ ግራ ጫፍ ወሰዱኝ፤ ሁሉም ሰው በቀኜ ሆነ። «ስሚኝ» አሉ። «ሜዳ ላይ ድምፅ ይዋሻል። ከኋላ የሚመታ ከበሮ ፊት ለቆመው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ጆሮውን ያመነ ሰልፉን ይጎትታል። የመሪውን እጅ የሚያይ ነው የማይሳሳት። ይሄ ለአንቺ ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም ነው።» ከዚያ ዞረው ለሁሉም መልሰው ተናገሩት።

ግራ ጫፍ ግን ከባድ ቦታ ነው። ረድፉ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እንደ በር ነው የሚዞረው። ቀኝ ጫፍ ያለው ቦታው ላይ ይረግጣል፤ ግራ ጫፍ ያለው ደግሞ በሩን ይዞ እንደሚዘጋ ሰው ትልቁን ዙር ይሄዳል። ቀስ ካለ ረድፉ ይቆለመማል፣ ከቸኮለ ይበጠሳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን ዙር ሄድኩት። ማንም አላናገረኝም። ልጆቹ አልሰደቡኝም፤ እንዲያው ዕረፍት ላይ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ይነሳል። እርስ በርስ እየተጋጩ የሚመቱ ሁለት የናስ ሳህኖች ተሰጡኝና ማታ ማታ አጎቴ ቤት እጆቼ ያለ ሳህን ይጋጫሉ።

የመክፈቻው ቀን ዝናቡ ጠብቆን ጀመረ። ሕዝቡ በጃንጥላና በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሜዳውን ከቦታል። ገባን። ከዚያ ቀን የማስታውሰው የሃምሳ አለቃውን ነጭ ጓንት ብቻ ነው፤ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል። ወደ ቀኝ ስንታጠፍ በዓይኔ ጠርዝ ረድፉን አየሁት፤ ቀጥ ብሏል። ሰው አጨበጨበ። ከሕዝቡ መሃል ባትኖርም እሷን ፈለግኳት፤ ወደ አገሯ ከሄደች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። ማታ እናቴ በስልክ «ቪዲዮሽን አየነው፣ የሰፈሩ ልጆች አሳዩን» ብላ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ለቅጥሩ የጤና ምርመራ አደረግን። ዓይኔን አዩ፣ ደረቴን አዳመጡ። ጆሮዬን ማንም አልጠየቀኝም።

እሷ እንድትቀጠር ጠይቄያለሁ። ሃምሳ አለቃውም ጠይቀዋል፤ ሁለት ጊዜ አብሬያቸው ቅጥሩን ወደሚፈጽመው ቢሮ ሄጃለሁ። ሰልፍ ያልወጣ አይቀጠርም ተባልን። ቦታዬን ለእሷ ልልቀቅ ስል ኃላፊው ሳቀ፤ «ሥራ እንደ ጋቢ አይዋዋሱትም» አለኝ።

ታኅሣሥ ላይ ወደ አገሯ ወደ ሸዋ ቤንች ወረድኩ። የቤተሰቧን ቤት ለማግኘት ብዙ አልጠየቅኩም። እሷና እናቷ ቡና በሚደርቅበት የሽቦ አልጋ ዳር ቆመው የተበላሸውን ፍሬ እየለቀሙ ነበር። በግራ እጇ ነው የምትለቅመው። እናቷ ስታየኝ ፊቷ በራ። «ጓደኛዋ ነሽ? ከሚዛን? እሰይ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እጇ ሲሰበር ያስታመምሻት አንቺ ነሽ?»

ዓይኔን ወደ ፍሬው አወረድኩ። ሸዋ ቤንች ከፍሬው ቀና ሳትል ለእናቷ በቤንችኛ የሆነ ነገር ተናገረች። ረጅም ነበር። አንድም ቃል አልገባኝም። እናቷ መልቀሙን አቁማ እኔን አየችኝ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ሰሃን ላይ ጎደሬ ይዛ ወጣችና ፊቴ አስቀመጠችው።

«እንደገና ይመዘግባሉ ይባላል» አልኩ ሁለታችን ስንቀር።

ቀኝ እጇን ዘረጋችና ልታዞረው ሞከረች። ግማሽ ላይ ቆመ። «ዱላ ይዞ አይዞርም» አለች። «አትጠይቂልኝ።»

«እሺ።»

«በኔ ቦታ ማን ቆመ?»

«ቦንጋ አጭሩ።»

«እሱ ዘገምተኛ ነው» አለች ተቆጥታ። «ረድፉ አልተበላሸም?»

«አልተበላሸም።»

ራሷን ነቀነቀች። ሌላ አልጠየቀችኝም። እጅጌዬን ሰብስቤ ከአልጋው ማዶ ቆምኩና ጥቁር ጥቁሩን ፍሬ መልቀም ጀመርኩ። አላስቆመችኝም።

አሁንም በየሁለት ወሩ እሄዳለሁ። ቡና ከሌለ ችግኝ ጣቢያቸው ውስጥ በችግኝ ፌስታል አፈር እሞላለሁ። አንዳንድ ቀን ስለ ሁሉም ነገር ታወራኛለች፤ አንዳንድ ቀን ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሠራለች። ይቅር ብያለሁ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። አሥር ሰዓት ሲሆን እጄን እታጠብና የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ወደ አስፋልቱ እወጣለሁ።